ኮምፕሬሰሩ ይግባ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግንባሩ ተተርትሮ፣ ሸሚዙ እስከ ሆዱ በደም ርሶ፣ በሩን በእግሩ በርግዶ ገባ። ውጪ የቆመው ፒክአፓችን የፊት መስታወት አልነበረውም። ወንበሩ ላይ፣ መሪው ሥር፣ የማርሹ ዘንግ አጠገብ፣ በየቦታው የመስታወት ስብርባሪና ድንጋይ ነበር።

ወንድሜ ጫት አመላላሽ ነው። ወደ ጅቡቲ ጫት የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቁጡ ያደርገዋል፣ ጫቱን መጠበቁ ደግሞ ያብሰዋል። የእሱ ድርሻ በየሐሙሱ በልበላ ዳገት አናት ላይ ያለው የዋራበሌ ሰፈር ነበር። ከታች ከከተማው ጆንያዎቹን ጭኖ፣ በፍየልና በሚኒባስ መሃል እየቆመና እየተነሳ የበልበላን ዳገት መውጣት አለበት። ፒክአፑ የቤንዚን ነው፣ አርጅቷል። ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ አልነሳም ይላል። የዚያን ዕለት ደጋግሞ ጠፋበት። ሲደርስ ሻጮቹ ሴቶችም፣ ከበዋቸው የሚጠብቁት ቃሚዎችም ድንጋይ ይዘው ጠበቁት።

"አጠውልገህ ነው ያመጣኸው ብለው ነው" አለኝ፣ ግንባሩን በጨው ውሃ ሳጥብለት። "ድንጋዩስ ይሁን። አንዷ አሮጊት መኪናው ላይ ወጥታ በነጠላ ጫማዋ ፊቴን ታላጋልኛለች! ስትመታኝ ደግሞ 'ልጄ' እያለች ነው፣ እቱ።"

ሊስቅ ሲል ቁስሉ እንደገና ተከፈተ።

ጫቱን የምታከፋፍለው ሴትዮ የሚመጣው ሐሙስም ካረፈደ ዋራበሌን ለሌላ ሹፌር እንደምትሰጥ ነግራው ነበር። እኔ በአንድ ትራንዚት ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ወንድሜ ግን ትምህርቱን ካቋረጠ ጀምሮ ያለው ነገር ያ መንገድ ብቻ ነው። ያንን ከነጠቁት ምን እንደሚሆን ቤታችን ውስጥ ማንም ደፍሮ አይናገርም።

አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዱ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሦስታችን ብቻ ነን። ፒክአፑ የእሳቸው ነው፤ ያለ ፈቃዳቸው አንድ ብሎን አይፈታም። ከእንቅልፋቸው ነቅተው የወንድሜን ግንባር አዩና ስለ ግንባሩ ምንም ሳይሉ፣

"ሞተሩን ምን አደረግኸው?" አሉ።

"ሞተሩማ ሞቷል አባዬ! ዳገት ላይ ካስቆሙኝ መነሳት አይችልም።"

"ቱርቦ ይግባለት። ቱርቦ የሌለው መኪና ሳንባ የሌለው ሰው ማለት ነው።"

"ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ስንት ድንጋይ ልብላ?"

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ ሱቅ ወዳለው የመናዊ ነጋዴ ሄድን። ከዱባይ ያስመጣቸው፣ ለእኛ ሞተር የሚሆኑ ቱርቦና ሱፐርቻርጀር ነበሩት። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ ይዘውኝ የሄዱት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ስለማነብ ነው። ካርቶኖቹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ቆሜ በጥንቃቄ አነበብኩ። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ አየር በኃይል ይጠቀጥቃሉ። የሚለያዩት ጉልበት የሚያገኙበት ቦታ ላይ ነው። ቱርቦን የሚያሽከረክረው የሚወጣው ጭስ ነው። ሊባክን በነበረ ነገር ስለሚሠራ ቤንዚን ላይ አይከፋም፤ ግን ጭሱ እስኪበረታ ይዘገያል። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል። ነዳጅ እንደረገጡ ወዲያው ይሰጣል፤ ግን ራሱም ከሞተሩ ጉልበት ይበላል፣ ቤንዚንም ይጠጣል። አባቴ የሚያስቡት በድንበሩ በጋላፊ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ረጅም መንገድ ነው። ወንድሜ የሚያስበው ዋራበሌን፣ ፍየሎቹንና ቆሞ መነሳቱን ነው። ለእሳቸው መንገድ ቱርቦ፣ ለእሱ መንገድ ሱፐርቻርጀር ይሻላል። ይህን ልነግራቸው ቃላት ስመርጥ እነሱ መጮህ ጀምረው ነበር።

አባቴ ወንድሜን በደረታቸው ገፉት። ወንድሜ መደርደሪያው ላይ ወደቀ፣ የዘይት ጣሳዎቹ በላዩ ዘነቡ። ነጋዴው "ያ ጀማዓ! ሱቄ ውስጥ አይደለም!" እያለ ሁለቱንም አስወጣቸው። ማታ ቤት ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ በወንድሜ ጆሮ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰ። ስብርባሪውን ጠርጌ ሳልጨርስ ወንድሜ የጓዳውን በር በእርግጫ ከማጠፊያው ነቀለው።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነው፤ ከቢሮ ስመለስ ወንድሜ በሩን እየጠገነ ያፏጫል።

"አባዬ ፈቀዱ!" አለኝ። "'ኮምፕሬሰሩ ይግባ' አሉኝ፣ በራሳቸው አፍ። ጉልበታቸውን ሳምኩላቸው።"

ሱፐርቻርጀርን በፈረንሳይኛ ኮምፕሬሰር ይሉታል። ወንድሜ የተማረው እዚሁ ስለሆነ፣ ጋራዡም ሁሉ እንዲሁ ስለሚለው፣ ሌላ ስም አያውቅለትም። አባቴ እንዲህ በአንድ ቀን ሐሳባቸውን መለወጣቸው ገረመኝ። ደስም አለኝ።

ረቡዕ ምሳ ይዤለት ካርትዬ ስድስት ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ሄድኩ። የጋራዡ ባለቤት ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው። የፒክአፑ ኮፈን ተከፍቷል፤ ሞተሩ አናት ላይ ከየመናዊው የተገዛው አዲሱ ብረት ያብለጨልጫል፤ ቺንጋው ተወጥሯል። አባቴም ለሠራተኞቹ ቀዝቃዛ ውሃ በላስቲክ አንጠልጥለው እየሣቁ ደረሱ።

"እስቲ አስነሳው፣ አቦ!" አለ መካኒኩ።

ወንድሜ ነዳጅ ረገጠ። ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ጩኸት ወጣ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አባቴ የያዙትን ላስቲክ ለቀቁት።

"ምንድነው ይሄ?"

ወንድሜ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። "ኮምፕሬሰሩ ነዋ አባዬ!"

"እኔ ኮምፕሬሰር አላውቅም? በፊቴ ትዋሻለህ?"

"ይግባ ብለውኝ የለ!"

አባቴ በጥፊ መቱት። የግንባሩ ቁስል ተከፍቶ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና፣ "በራስህ አፍ ነው ያልከኝ!" ብሎ ጮኸ። "ውሸታሙ አንተ ነህ!"

እኛ ቤት አባታችንን አንቱ እንጂ አንተ ያላቸው ሰው የለም። መካኒኩ እንኳ ቃሉን ለይቶ ሰማና ወደ ኋላ አፈገፈገ። አባቴ ጎንበስ ብለው የክሪኩን ብረት አነሱ። ያነጣጠሩት ማሽኑን ነው፤ ይህን እስከ ዛሬ እምላለሁ። ወንድሜ ግን ግራ እጁን ማሽኑ ላይ ዘርግቶ ነበር። ብረቱ ሲያርፍ የአጥንቱን ድምፅ በሞተሩ ጩኸት መሃል ሰማሁት።

ወንድሜ በቀኝ እጁ የአባቴን ጉሮሮ ያዘና ጭንቅላታቸውን ከመኪናው በር ጋር አጋጨው። አንዴ፣ እንደገና። ሦስት ወንዶች ወገቡን ይዘው ሊያላቅቁት አልቻሉም። የአባቴ ፊት ጠቁሯል። ብረቱን ሊያነሱ እየታገሉ በታነቀ ድምፅ፣ "ላብ ፈጀኝ ስልህ... አንተ ሞተሬን ትበላለህ!" ይላሉ።

ላብ የሚለውን ስሰማ ገባኝ። የፒክአፑ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ከተበላሸ ከርሟል። እንደ አባቴ ላለ ሹፌር የመኪና ኮምፕሬሰር ማለት ወይ የፍሬን አየር የሚሞላው፣ ወይ የማቀዝቀዣው ነው። ሰውዬው ያረጁበት ሙቀት ሊቀልላቸው ነው ብለው ነበር እሺ ያሉት።

ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ እንኳ "ምን አልሽ?" ሳልባል አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨርስም። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬ እስኪቆስል ጮኽኩ።

"ኮምፕሬሰር ሁለት ነው! አባዬ፣ የእርስዎ የማቀዝቀዣው ነው! የእሱ ይሄ ነው! የፈረንሳይኛ ስሙ ነው! ማንም አልዋሸም፣ ልቀቀው!"

አባቴን "ልቀቃቸው" ማለት ነበረብኝ። ማንም ልብ አላለውም። መካኒኩ እጁን አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ። በዝምታው ውስጥ "ኮምፕሬሰር..." አለና የወንድሜን ማሽን አየ፣ "ኮምፕሬሰር..." አለና በማቀዝቀዣው በኩል አየ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ወንድሜ የአባቴን ጉሮሮ ለቀቀ፣ እጁን አየው፣ ከዚያ ጎማው ላይ አስታወከ።

ሆስፒታል እጁን በጀሶ አሰሩለት። አባቴ ያበጠ ዓይናቸው ላይ በረዶ ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አልተያዩም፤ በእኔ በኩል ነው የሚነጋገሩት።

"ኮምፕሬሰሩ ይኑር በዪው" አሉ አባቴ።

"ይነቀል በያቸው። ቱርቦአቸውን ያስገቡ።"

"እኔ ቱርቦ አልፈልግም!"

"እኔም ይሄን አልፈልግም! ለማን ብዬ?"

እያንዳንዳቸው ስለ ሌላው ምርጫ ሊደባደቡ ተነሱ። ነርሷ በፈረንሳይኛ ጮኸችባቸው። እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ፣ "ነገ ሐሙስ ነው። ጫቱን ይዞ ዳገቱን ማን ነው የሚወጣው?" አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋራዡ ሲከፈት ደረስኩ። መካኒኩ ሲያየኝ ራሱን ያዘ።

"አንዱ ደውሎ ንቀለው ይላል፣ አንዱ ደውሎ እንዳትነካው ይላል። የማንን ልስማ፣ አቦ?"

"የእኔን" አልኩት። "ይኑር።"

ቱርቦ ለመግጠም ጭስ መውጫው በሙሉ መቀየር አለበት፤ ያ የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም። ቢሆንም እንኳ ለዚያ ዳገት ልክ የነበረው ወንድሜ ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ብዙ አልነዳሁበትም። የጫቱን ክብደት እንዲተካ አሸዋ በጆንያ አስጫንኩ። ቁልፉን ሳዞር የዳር በሩ ተከፈተና አባቴ ገቡ። አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል፤ አንገታቸው ላይ የወንድሜ ጣቶች ቀርተዋል። በሩን ስበው ዘጉ።

በተሰበረው መስታወት በኩል ነፋሱ ከነአሸዋው ፊታችንን ይገርፈናል። የዳገቱ አናት ሊደርስ ሲል፣ ከሁሉ ቦታ ቀጥ ያለው ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ እናቴን ሰደበ። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ነዳጅ ረገጥኩ። ማሽኑ ጮኸ፣ መኪናው ተወረወረ፣ የአባቴ ትከሻ ከወንበሩ ጋር ተላተመ። አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ዋራበሌ ገባን።

አንዲት ጫት ሻጭ ጠረጴዛዋን እያራሰች ቀና አለች። "ልጁን ገደላችሁት አሉ?"

"እጁ ነው የተሰበረው።"

"ታዲያ ዛሬ ማን ያመጣልናል?"

"እኔ።"

"ምን?"

"እኔ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"አንቺ!" ብላ ሳቀች። "እንግዲያው ድንጋይ እንዳያገኝሽ ራስሽን ሸፍነሽ ነይ፣ የኔ ቆንጆ።"

አሸዋውን አራግፌ ወደ ከተማው ነድቼ ወረድኩና፣ ጫቱ የሚከፋፈልበት ቦታ ገና ማንም ሳይመጣ ከበሩ ፊት ቆምኩ። እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ አባቴ ከሆስፒታል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ።

"ወዲያው አታጥፊው። ትንሽ ይተንፍስ።"

የቱርቦ ሹፌሮች ሕግ ነው፤ የጋለው ቱርቦ እስኪረጋ ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቃሉ።

"ይሄኛው አይፈልግም፣ አባዬ" አልኩና አጠፋሁት።