ጨረር ያልኩባት እህቴ

እህቴን በአንዲት ቃል ልገድላት ነበር። በዱላ ቢሆን ይታወቀኝ ነበር፤ በቃል ስለሆነ ሦስት ሳምንት ሙሉ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ከረምኩ።

እህቴ በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም ስሟን ጠርቼ አላውቅም፣ «እታለም» ነው የምላት። ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ አግብታ ስድስት ልጅ ወልዳለች። እኔ ደግሞ አረብ አገር ስድስት ዓመት ቆይቼ መጥቼ ደብረ ታቦር ላይ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፍቻለሁ። እዚያ የሠራሁት በአንድ የሴቶች ውበት ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «ክሊኒክ ነው የሠራሁት» እላለሁ፤ ወለል ነበር የምወለውለው ብዬ አልጨምርም። የሰማሁትን ሁሉ ግን እንደ ተማርኩት አድርጌ አወራለሁ። መዘዙን ያመጣው ይሄው አመሌ ነው።

አምና ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃት ጉና ወጣሁ። እሑድ ማለዳ አብረን ለቅዳሴ ሄድን። እኔ ገባሁ፣ እሷ ቀረች። ዞር ብዬ ሳያት ከቅጥሩ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። እዚያ የሚቆሙት የወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው። የእሷ ደግሞ ከቆመ ቆይቷል። በዚያ ላይ ከባሏ ጋር በቁርባን የተጋባች ሴት ናት።

«እታለም፣ ምነው ውጭ ቀረሽ?» አልኳት ስንመለስ።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረች።

ቤት ደርሰን ድንች ስንልጥ ነው የነገረችኝ። የመጨረሻውን ልጅ ከወለደች ወዲህ ስታስል፣ ስትስቅ፣ ሸክም ስታነሳ ሽንቷ ያመልጣታል። ታች ደግሞ የሆነ ነገር ይከብዳታል። ጨርቅ ትደራርባለች፤ ጉና ላይ ያጠቡትን ጨርቅ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማኅበሯን ትታለች። ከባሏም መኝታ ለይታለች። ይህን ሁሉ ዓይኗ ሳይረጥብ ነገረችኝ።

«ሽንት እየተንጠባጠበብኝ እንዴት አድርጌ ቤተ መቅደስ እረግጣለሁ? ከቆረብኩ አራት ዓመቴ» ስትል ግን ቢላዋውን አስቀምጣ አለቀሰች።

ያን ጊዜ መስማት ነበረብኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ወደ ክሊኒኩ ነጉዶ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ቢላ የማይነካው ሕክምና የሚሰጥባቸው ሦስት ክፍሎች ነበሩ። ስሙን «ሴትነትን ማደስ» ይሉታል፣ እንደ አሮጌ ቤት። በመጀመሪያው ክፍል ሌዘር አለ። ቀጭን ዘንግ መሰል ነገር ወደ ውስጥ ይገባና ብርሃን ይለቃል፤ ገላውን በጥቃቅኑ እያቆሰለ አዲስ ሥጋ እንዲያበቅል ያደርገዋል ይባላል። ከዚያ የሚወጡት ሴቶች ለጥቂት ቀን እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለናል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሁለተኛው በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል፤ ሳያቆስል ከሥር ያሞቃል። ሴቶቹ ስልካቸውን እየነካኩ ገብተው ስልካቸውን እየነካኩ ይወጣሉ፤ መመላለሱ ግን ብዙ ነው። ሦስተኛው ወንበር ነው። ልብስ ሳይወልቅ ይቀመጡበታል፤ በመግነጢስ ኃይል የታችኛውን ጡንቻ እያኮማተረ ይለቃል።

ከተማ ተመልሼ ማወዳደር ያዝኩ። ጸጉር እየሠራሁ በስልኬ ቪዲዮ አያለሁ፤ አዲስ አበባ እየደወልኩ እጠይቃለሁ። ለድርቀት ሌዘሩ፣ ለመላላት ሞገዱ፣ ለሽንት ወንበሩ እያልኩ በደብተር ጻፍኩ። በመጨረሻ ሌዘሩን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር በሩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ የነበረው የሌዘሩ ክፍል ነው፤ ሀብታሞቹ የሚገቡት እዚያ ነበር። ለእህቴም ያ እንዲደርሳት ፈለግሁ።

ደወልኩላት። ኔትወርክ የሚያገኛት ከቤቷ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥታ ነው። ሌዘር ብላት አይገባትም ብዬ በአማርኛ ፈታሁላት።

«እታለም! መድኃኒት አለው! በጨረር ነው የሚታከመው! አዲስ አበባ እወስድሻለሁ!»

ዝም አለች። የኔትወርክ ችግር መሰለኝና ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ስልኳ አልነሳ አለ። እኔም ተናደድኩ። ስንት ለፍቼ ፈልጌላት፣ ያገር ቤት ሰው እንዲህ ነው፣ አይሰማም እያልኩ ለደንበኞቼ ሳይቀር አማኋት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የገበያ ቀን ባሏ ጸጉር ቤቴ በር ላይ ቆመ። ሴቶች ያሉበት ስለሆነ አልገባም፤ ወጣሁለት።

«ኧረ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት፣ አንቺ ልጅ?»

«ምን ሆነች፣ ጋሼ?»

«ልብሷን ለሴት ልጆቿ አካፈለች። መቃብሬ ከእናቴ ጎን ይሁን አለችኝ። ብጠይቃት አትናገር። አሁን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዳለች።»

ያን ዕለት ጸጉር ቤቱን ዘግቼ በሚኒባስ ሐሙሲት፣ ከዚያ ወንዛዬ ወረድኩ። ከፍል ውኃው ዳር አገኘኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የቀረው አጥንት ብቻ ነው። እግሯ ከሙቀቱ ብዛት ቀልቷል።

«ልጆቼ ካንሰሩን እንዳይሰሙ» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳንባባል።

«የምን ካንሰር? ማን አለሽ?»

«አንቺ ነሻ። ጨረር አልሽኝ።»

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። በእኛ አገር ጨረር ማለት አንድ ነገር ነው። ጎረቤቷን ካንሰር ነው ብለው ለጨረር አዲስ አበባ ወስደዋት ነበር፤ ሬሳዋ ነው የተመለሰው። እህቴ ቀብሯ ላይ ቆማለች። እኔ አማርኛ አሳምሬ የተረጎምኩ መስሎኝ የሞት ፍርድ ነበር ያነበብኩባት።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሳልሞት መናዘዝ አለብኝ፤ ለንስሐ አባቴ ከነሽታዬ እንዴት እቀርባለሁ? መጀመሪያ ልጥራ ብዬ ነው» አለችኝ። እግሯ ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። ይቅርታ ለማለት እንኳ ቃል ፈራሁ።

በማግሥቱ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እኔ አመሌ አለቀቀኝምና ደብተሬን አውጥቼ ሌዘሩን፣ ሞገዱን፣ ወንበሩን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«መሣሪያዎቹን በደንብ አወዳድረሻል። እሳቸውን ግን የመረመራቸው አለ?»

ማንም አልመረመራትም። እኔ ራሴ ሐኪም ጋ ልውሰድሽ ብዬ አላውቅም።

መርምራ ስትጨርስ ማህፀኗ ወደ ታች መውረዱን ነገረችን። «ይህን የትኛውም ሙቀት አያነሳውም» አለች። ሌዘሩና ሞገዱ ገና በቂ ማረጋገጫ የላቸውም፣ አቃጥለው ጠባሳ የተዉባቸው ሴቶችም አሉ፤ ወንበሩም ጡንቻ ቢያጠነክር እንጂ የወረደ ማህፀን አይመልስም። ለአሁኑ ማህፀኑን ደግፎ የሚይዝ የጎማ ቀለበት ይገባላታል፤ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ትሠራለች፤ ካልበቃ ቀዶ ሕክምና አለ።

እህቴ ይህን ሁሉ የሰማችው አይመስለኝም።

«ካንሰር አይደለም?» አለች።

«አይደለም፣ እናቴ።»

«ቀለበቱን ካደረግሁ መቁረብ እችላለሁ?»

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩ። ይህ ጥያቄ በደብተሬ ውስጥ የለም።

«እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» አለቻት ቀስ ብላ።

ጉና አብሬያት ወጣሁ። የንስሐ አባቷ አረጋዊ ቄስ ናቸው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነገረቻቸው።

«በይ ደኅና» አሉ ካዳመጧት በኋላ። «አራት ዓመት ከማን ጋር ተቀያይማ ነው እያልኩ ስጸልይልሽ ኖርኩ። ሕመም ነው እንዴ? ሕመም ማንን ከለከለ፣ ልጄ?»

እሳቸው ቂም ነው ብለው፣ ባሏ ጠልታኝ ነው ብሎ፣ እኔ መሣሪያ ነው የሚያስፈልጋት ብዬ፣ ሁላችንም በየፊናችን ስንገምት አራት ዓመት አለፈ።

በቀጣዩ እሑድ ቀለበቷን አድርጋ፣ ለማንኛውም ብላ ጨርቅም ደራርባ ገባች። እኔ የወር አበባዬ መጥቶ ስለነበር ውጭ ቀረሁ። በሩ አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። የጉና ብርድ በጫማዬ አልፎ እግሬን ያንዘፈዝፈኛል፤ የቅዳሴው ድምፅ ይመጣል፣ ቃሉ አይለይም። እህቴ አራት ዓመት እዚህ ቆማለች።

በመካከል ከውስጥ ሳል ሰማሁ። ሳሏን አውቀዋለሁ፤ ያሳደገችኝ ናት። ደግማ አሳለች፣ ሦስተኛም። ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትወጣ ጠበቅኋት።

ቅዳሴው እስኪያልቅ አልወጣችም።