ለቅሶ ሳይደርሱ የማይጠይቁት አስተርጓሚ

የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ መስማት ለእኛ ለነቀምቴዎች አዲስ ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሯችን ለምዶታል፤ ሰው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ስሙን ያዳምጥና የማያውቀው ከሆነ ተመልሶ ይተኛል። በዚህ ወር መግቢያ ማለዳ ላይ የተጠራው ስም ግን ሰፈሩን በሙሉ ከአልጋው አስነሣው። የዕድራችን ሰብሳቢ፣ የቀድሞው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ጋሼ በላይነህ ዐርፈዋል። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይከፈታል ስንል እሳቸው ቀደሙ። ይህን የምጽፈው እኔ፣ ከእሳቸው ጎን ተቀምጬ ማስተርጎም የተማርኩ ሰው ነኝ። የምጽፈውም ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው፤ ዲጋም ጉቴም ላላችሁ፣ መንገድ ተዘግቶባችሁ ለቀብር ላልደረሳችሁትም።

ጋሼ የጎጃሜ ልጅ ነበሩ፤ ኦሮምኛቸውን የሰማ ግን ጎጃሜ አይላቸውም። ችሎት ላይ ሲያስተረጉሙ ከሳሽም ተከሳሽም «የኛ ሰው ናቸው» ይል ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት ምስክር መናገር አቅቷቸው ቆሙ። ዳኛው ለምን አያስተረጉሙም ብለው ተቆጡ። ጋሼ እጃቸውን አጣምረው «እያስተረጎምኩ ነው ክቡር ዳኛ፤ ዝም ብለዋል» አሉ። ዳኛውም ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠበቁ።

ጡረታ ወጥቼ ዐረፍኩ ሲሉ የጊዳ አያና ግጭት መጣ። የተፈናቀለው ሰው ነቀምቴንና ጉቴን ሞላ፤ ኦሮምኛ የሚናገረውም አማርኛ የሚናገረውም ባንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተጠለለ። ጋሼ በረንዳቸውን በሸራ ጋርደው ለአንድ ወሎዬ ቤተሰብ ሰጡ። ከውጭ አገር መርማሪዎች ስልክ መደወል የጀመሩትም ያኔ ነው። ሥራቸው ሰው ያስገደሉትንና እገዳ ጥሰው መሣሪያ ያዘዋወሩትን ለይቶ፣ ማዕቀብ እንዲጣልባቸው ማስረጃ ማሰባሰብ ነው። ራሳቸው መምጣት አልቻሉም። በስልክ ይጠይቃሉ፣ ጋሼ ያስተረጉማሉ።

እዚህ ላይ ነው ጋሼና ፈረንጆቹ ያልተግባቡት። ጋሼ ሰው የሞተበትን ሰው ለቅሶ ሳይደርሱ ምንም አይጠይቁም። መጀመሪያ ይሄዳሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ፤ ዝም ይላሉ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም አጽናንተው ይነሣሉ። ጥያቄው በሌላ ቀን ነው። የምትደውለው ወጣት ሴት ነበረች። ጊዜ የለንም፣ ማዕቀቡ የሚወሰንበት ስብሰባ ደርሷል እያለች ታጣድፋቸዋለች። በዚያ ረጋ ባለ እንግሊዝኛቸው የመለሱላትን ጎናቸው ሆኜ ሰምቻለሁ፦ «እነዚህ ሰዎች በወጉ ሳይቀብሩ የሮጡ ናቸው። ድንኳን አልተተከለላቸውም። እኔ ለቅሶ ሳልደርስ ጥያቄ አልጠይቅም። ከቸኮልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።» ሌላ ሰው ከየት ይመጣል! ቢመጣም ሰዉ አፉን አይከፍትለትም ነበር።

አዴ ጫልቱን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። አዴ ጫልቱ ጊዳ አያና ውስጥ መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። አንድ የነቀምቴ ነጋዴ፣ የጭነት መኪናዎች ባለቤት፣ ከበቆሎ ጆንያ ሥር ጠመንጃ ሲያወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ሰውዬው ራሱ ቆሞ ያስራግፍ ነበር፤ ሻያቸውንም ጠጥቷል። ወር ሳይሞላ ታጣቂዎች በዚያ መሣሪያ የአዴ ጫልቱን ልጅ ገደሉ፤ የጎረቤታቸውን የወሎዬውን ቤት አቃጠሉ። ለዚያ ልጅ የመጀመሪያውን ለቅሶ የደረሱት ጋሼ ናቸው። አዴ ጫልቱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የዚያ ሰውዬ ስም በይፋ እንዲጠራ።

ማዕቀብ ምን እንደሆነ የጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ይታሰራል ወይ አሉ፤ አይታሰርም ተባሉ። ይክሰኛል ወይ አሉ፤ አይክስም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው? ጋሼ ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሏቸው፦ «ዓለም ከዕድሩ አስወጣው ማለት ነው። ገንዘቡ ባንክ እንዳለ ይቆለፍበታል። ድንበር ልሻገር ቢል አይሻገርም። አብሮት የነገደ፣ መሣሪያ የሸጠለት፣ እሱም አብሮት ይወጣል።» አዴ ጫልቱ ገባቸው። እኛ ዘንድ ከዕድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ሬዲዮው በአንዳንድ ሰዎች ላይ ማዕቀብ መጣሉን ተናገረ። ሩቅ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ የኛ ሰውዬ የለበትም። ጋሼ ነገሩን ለማለሳለስ አልሞከሩም፤ «የወንፊታቸው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ የኛ ሰውዬ ሾልኮ ወደቀ» አሏቸው። አዴ ጫልቱ እንደገና ይነፉታል ወይ ብለው ጠየቁ። እንነፋለን ይላሉ አሏቸው ጋሼ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በየጊዜው ይደውላሉ፣ መልሱ ያው ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነው። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞር ይሉና «አየት አየት እያደረጉት ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ እንስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁም ቀረ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ደከመን። ሰውዬው ግን አልደከመውም፤ መኪና ጨመረ፣ ፎቅ ጀመረ፣ በየሠርጉ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ዓምና የሰውዬው እናት ሞቱ። ዕድርተኛው ለሁለት ተከፈለ፤ ብዙዎቻችን አንሄድም አልን። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ፤ ድንኳን አስተከሉ፣ ከቀብር እስከ ሠልስት አልተለዩም። አዴ ጫልቱ ክረምቱን ሙሉ አላናገሯቸውም። እኔም በንዴት፣ ይሄ ምን ዓይነት ማዕቀብ ነው ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «እናቲቱ ምን አደረጉ? የሳቸውን ስም ለመርማሪዎቹ ማንም አልሰጠም» አሉኝ። እስከ ዛሬም በደንብ አልተዋጠልኝም። ክረምቱ ሲወጣ አዴ ጫልቱ ራሳቸው የተቀቀለ በቆሎ ይዘው መጡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስገባ፣ የጋሼ ጥርስ እንደማይችል ስለሚያውቁ በቆሎውን እየፈለፈሉ በእጃቸው ሲያቀብሏቸው አየሁ።

እንግዲህ በራሳቸው በጋሼ ድንኳን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በቀብሩ ማግስት ሰውዬው መጣ፤ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ሰው አስከትሎ። በኛ ወግ ለቀስተኛ ሲገባ ሰው ብድግ ይላል፤ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቃል፤ ሲወጣም እስከ በር ይሸኛል። ያን ዕለት ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይን ሁሉ አዴ ጫልቱ ላይ ሆነ። ከጋሼ ባለቤት ከእትዬ አስቴር ጎን ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሳቸው ብቻ ተነሡ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ በኦሮምኛ ተናገሩ። ቀጥለው፣ ጋሼ ያደርጉት እንደነበረው፣ ራሳቸው ወደ አማርኛ መለሱት፤ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

«ለእሳቸው ለቅሶ መጥተሃል፤ ተቀመጥ። የልጄን ለቅሶ ግን እስከ ዛሬ አልደረስክም። እጠብቅሃለሁ።»

ሰውዬው ተቀመጠ፤ ምን ያድርግ። ንፍሮ ቀረበለት። አልከለከልነውም፤ ጋሼ ቢኖሩ ይቆጡን ነበር። ግን በግራም በቀኝም ጠጋ ያለው የለም፤ አጠገቡ ያሉት ወንበሮች ባዷቸውን ቀሩ። አንድ ፍሬ አልቀመሰም። ተነሥቶ ሲወጣ እስከ ድንኳኑ በር የሸኘው ሰው አልነበረም። እኔ ሰውዬውን ካወቅሁት ጀምሮ፣ ከየትም ቤት ሳይሸኝ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ጋሼ፣ ስልክዎን እትዬ አስቴር ለእኔ ሰጥተውኛል። ከሠልስቱ በኋላ ያቺ መርማሪዋ ልጅ ደወለች። ማረፍዎን ነገርኳት። ከዚያ እርስዎ ያስተማሯትን፣ በተሰባበረ አማርኛ «እግዜር ያጽናችሁ» አለችና ዘጋች። ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው በማግስቱ ደውላ ነው፤ አዴ ጫልቱ ቃላቸውን እንደገና ይሰጣሉ ወይ አለች። ይሰጣሉ አልኳት። ጉዳዩስ ብላት፣ እየታየ ነው አለችኝ።

ኦሮምኛዬ እንደ እርስዎ አይደለም ጋሼ፤ ትዕግሥቴማ ከነጭራሹ። ቢሆንም አስተረጉማለሁ፤ ለቅሶም እየደረስኩ ነው። እርስዎ ብዙ ሰው አጽናንተው ደክመዋል፤ አሁን ይረፉ። የእርስዎን ድንኳን በሠልስቱ አነሣን። የአዴ ጫልቱ ልጅ ለቅሶ ግን አላበቃም፤ ገና አንድ ለቀስተኛ ይቀራል።