ስለ አወቀ የተጻፈች አንዲት መስመር

አወቀን የመታው ቆመጥ ያረፈበትን ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማጅራቱ ላይ ነው። ሚስማር፣ ገመድና ጆንያ የምሸጥበት ሱቄ ከድርጅቱ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ላለማየት ብፈልግም አልችልም ነበር። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ግን «ሚስማር ስመዝን ነበር፤ አላየሁም» አልሁ። ፈሪ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ? ይህን የማወራው ግን የሱቄን ግማሽ ስለተከራየው ስለ አካለ ወልድ ብዬ ነው።

አካለ ወልድ ዲማ ገዳም ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክምበት ትምህርቱን ትቶ ወደ እኛ ከተማ የመጣ ሰው ነው። በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለገበሬው ማመልከቻ ይጽፋል። ግትርነቱ አይጣል ነው! አንዲት ቃል አላማረችውም ብሎ ከደንበኛው ጋር ግማሽ ቀን ይሟገታል።

ድርጅቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያድል የመንግሥት ተቋም ነው፤ ስሙን አልጠራም። አምና ሰኔ ገበሬው መሬቱን አርሶ፣ በሩ ላይ ተሰልፎ ሦስት ቀን አደረ። በሦስተኛው ቀን ግፊያ ሆነና ዘበኛው ቆመጡን አነሳ። የደብረ ኤልያሱ አወቀ ሚስቱን ሽታዬን ከግፊያው ሊያወጣ ክንዱን ዘርግቶ ነበር። ዘበኛው አንዴ መታው፤ ሲንበረከክ ደገመው። ከጆሮው ደም ወጣ። ሽታዬ ራሱን በነጠላዋ አቅፋ እየጮኸች፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ድርጅቱ «በድንገተኛ ሕመም ወደቀ» ብሎ አስነገረ።

የአወቀ አርባ ካለፈ በኋላ አካለ ወልድ ኢንተርኔት ላይ፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው መዝገበ ዕውቀት ውስጥ የድርጅቱን ገጽ አገኘ። «ለአርሶ አደሩ ቀልጣፋ አገልግሎት ይሰጣል» ይላል። ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። ከዚያ ከሥር አንዲት መስመር ጨመረ፦ «ሰኔ ዘጠኝ ቀን አወቀ የተባለ ገበሬ በድርጅቱ በር ላይ በዘበኛ ተደብድቦ ሞተ።» በማግሥቱ ብናይ ተሰርዛለች፤ «ምንጭ የለውም» የሚል ማስታወሻም ተጽፏል። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ይመልሳታል፤ እነሱም ይሰርዟታል።

«በዚህስ እውነታቸውን ነው፣ እቴ» አለኝ። «ያለ እማኝ ነገር አይጸናም።»

ይህን ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጆንያዬን አጣጠፍሁ።

እማኝ ቢያጣ የሽታዬን የክርስትና ስም ጻፈ፦ «በዓይኗ ያየች፣ ወለተ ሐዋርያት።» ሽታዬን በዚህ ስም የሚያውቃት የንስሐ አባቷ ብቻ መሰለው። የአርባው ዕለት ለጸሎት የሚጠራውን የሟችና የቤተሰብ ስመ ክርስትና በራሱ እጅ ጽፎ እንደሰጠ ረሳው። ያን ወረቀት ቆሞ ያነበበው ዲያቆን እንዳላማው፣ ወር ሳይሞላው በዚያው ድርጅት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጥሯል። የድርጅቱን ገጽ የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ረቡዕ ጧት ሦስት ሰዎች ሽታዬ ደጃፍ ቆሙ። «ወለተ ሐዋርያት!» ብለው ተጣሩ። የንስሐ አባቷ መልእክት መስሏት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች «አቤት» ብላ ወጣች። በምሳር እጀታ ክንዷን ሰበሩት። የእርሻ በሬዋን ቋንጃ በገጀራ ቆረጡት፤ በሬው መሬቱን በቀንዱ እየፋቀ አጓራ። «ባሌ የሞተው በሕመም ነው» የሚል ወረቀት አውጥተው አውራ ጣቷን በራሷ ደም ነክረው አስፈረሟት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ እኛ መጡ። ኮምፒዩተሩን አንስተው መሬት ላይ ፈጠፈጡት። ሁለቱ አካለ ወልድን ይዘው ቀኝ እጁን የበሩ ደፍ ላይ ዘረጉት፤ ሦስተኛው የእኔን የሚዛን ብረት አነሳ። ሁለት ኪሎው ነው። ጣቶቹ ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁ። እኔ ባንኮኒው ሥር ነበርሁ፤ አፌን በጆንያ ይዤ።

በሦስተኛው እሑድ ሽታዬ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ መጣች። አካለ ወልድ ሲያያት ወጣ። በግራ እጁ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና እግሯ ሥር ተደፋ።

«እቴ ሽታዬ፣ ያስመታሁሽ እኔ ነኝ። ማሪኝ። ከእንግዲህ መስመሯን አልመልሳትም።»

ሽታዬ ጎንበስ ብላ በደህና እጇ ድንጋዩን አነሳችለት። «ማርሁዎት፣ የኔታ» አለች። «መስመሯን ካልመለሱ ግን አልታረቅዎትም። ባሌም ሄደ፣ በሬየም ሄደ፣ ከእንግዲህ ምን ልደብቅ? የምታወቅበትን ስሜን ይጻፉልኝ፤ ከነአባቴ።»

አካለ ወልድ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አየ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ወደ እኔ የዞረ ግን የለም፤ እንድረዳቸውም አልለመኑኝም። ውርደቴ አንገበገበኝ። በዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልኬን አወጣሁና «ገጹን አሳየኝ» አልሁት። አካለ ወልድ እየነገረኝ መስመሯን መለስኋት። «ሽታዬ ጌቱ፣ በዓይኗ ያየች» ብዬ ጻፍሁ። እሱ «በቃ፣ ላኪው» አለኝ።

«ቆይ» አልሁት። ከሥሩ ጨመርሁ፦ «የብርጓል ወልደ ገብርኤል፣ በዓይኗ ያየች፤ ከበሩ ፊት ለፊት ሚስማር ሻጭ።»

ላክሁት። ሱቄን ያውቁታል።