ከክቡር ትሪቡን የተደወለ ስልክ

«ስማ እንጂ፣ የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

ዛሬ ከስታዲየም ደውለው ይህን የጠየቁኝ የማውቃቸው ባለሀብት ጋሼ ታደለ ናቸው። ያውም ከክቡር ትሪቡን!

እኔ ስልኩን ያነሳሁት እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቲቪ ስር ቆሜ ነው። ማሊያዬን ግን ለብሻለሁ።

ብሔራዊ ቡድናችን ናይሮቢ ድረስ መጥቶልን፣ ትኬት ሽያጩ እንደተከፈተ ልገዛ ስል «ፖሌ ሳና፣ በጣም እናዝናለን፣ አልቋል» ተባልኩ። ለካ ያለቀው ለእኛ ብቻ ነው። «ለክቡራን እንግዶች» የተያዘው ትኬት ሀብታሞቹ ሰፈር ኪሊማኒ፣ ጋሼ ታደለ ቤት ድረስ በእጅ ሄዷል።

ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። ኮርና ሲመታም ጎል መስሏቸው የሚያጨበጭቡ ደግ ሰው።

«አረንጓዴ የለበሱት ናቸው ጋሼ» አልኳቸው።

የእኛዎቹ ዛሬ ቢጫ ነበር የለበሱት።

ትንሽ ቆይቶ ጎል ገባብን። ካሜራው ወደ ክቡር ትሪቡን ዞረ። የእኛ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ የእኛን ባንዲራ እያውለበለበ ብቻውን የሚጨፍረው ማን ይመስላችኋል?

ምግብ ቤቱ በሙሉ «ይሄ ሰውዬ አበደ እንዴ?» እያለ ጮኸ። እኔ ግን፣ እየተመራንም ቢሆን፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ትኬት ቤት ድረስ ይመጣል፤ የኳስ ፍቅር ግን በስጦታ አይላክም።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፦ ዛሬ በእናንተ ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ ዋለ?