ሙሴ ጣፊያና ጓዳ የቀሩት ልጆች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐኪሙ እርሳስና መዝገብ ከመስጠቱ በፊት አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባዬ አስተኛኝ። ሸሚዜን ገልጦ ከግራ ጎድኔ ሥር በአራት ጣቱ ተጫነ። «ትንፋሽህን ሳብ» አለኝ በፈረንሳይኛ። ሳብኩ። «አንተም አለህ» አለና እጁን ሊታጠብ ሄደ። ጣፊያዬ አብጦ ኖሯል፤ እኔ እስከዚያ ቀን ጤነኛ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው።

ይህ የሆነው አዳማ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፤ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት። ፈረንሳይኛ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ አማርኛ ከአባቴ፣ ኦሮምኛ ከእናቴ ስለነበረኝ አስተርጓሚና መዝገብ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማዕረጌ «የሐኪም ረዳት» ተባለ። በቅሎ መጫንም የረዳቱ ሥራ መሆኑን የተነገረኝ በማግስቱ ነው።

ሐኪሙ በሽተኛ ከማከም ይልቅ በሽታ ማጥናት የሚወድ ሰው ነበር። አገሩ ላይ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ቦታ ይጠብቅ ነበር፤ ቦታውን የሚያስገኝለት ደግሞ ስለ ስምጥ ሸለቆ ወባ የሚጽፈው ጥናት ነው። ወባ የተመላለሰበት ልጅ ጣፊያው ያብጣል። ስለዚህ «የመንደርን ወባ ማወቅ የፈለገ የልጆቹን ሆድ ይዳስስ» ይል ነበር። ያኔ ነጭን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው፤ የአገሩ ሰው «ሙሴ ጣፊያ» የሚል ስም አወጣለት። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀኝ «የተከበሩ የጣፊያ ሊቅ ማለት ነው» አልኩት። ደስ ብሎት ለሚስቱ ጻፈላት።

አሠራራችን ቀላል ነበር። ቤት ደርሰን ሰላምታ እንሰጣለን። የቤቱን ልጆች ደጅ አውጥተው ያሰልፉልናል። ሙሴ እየዳሰሰ «የለም»፣ «ትንሽ»፣ «ትልቅ» እያለ ይጠራል፤ እኔ ስም፣ ዕድሜና ቤት እጽፋለሁ። በሩ ላይ በከሰል ምልክት አድርገን ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ያን ክረምት ሁለት መንደሮች መረመርን። አንዱ ጣቢያው አጠገብ ያለው የሠራተኞች መንደር ነው። እነሱ ነጭ ለምደዋል፤ የታመመውንም ጤነኛውንም አወጡልን። ሁለተኛው ወደ ሶደሬ ሲወረድ አዋሽ ዳር ያለው ነው፤ የታችኛው መንደር እንለው ነበር። እዚያ የተሰለፉት ልጆች የሚገርሙ ነበሩ። ዓይናቸው የጠራ፣ ሆዳቸው ለስላሳ። ሙሴ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለ ፊቱ እየበራ ሄደ። የወንዙ ነፋስ ትንኙን እየነዳው ነው የሚል ሐሳብ መጣለት።

የታችኛው መንደር የእናቴ አገር ነው። የአክስቴ ልጅ ጫልቱ እዚያ ተድራለች። ቤቷ ስንደርስ ሁለት ልጆች አወጣች። ሦስተኛዋን፣ ሎሚን፣ በስም አውቃታለሁ፤ አዝያታለሁም። ከጓዳ ሳል ተሰማ። ጫልቱ ነጠላዋን ለማስተካከል እንደምታጎነብስ ሆና በኦሮምኛ «ወንድሜ፣ ትኩሳት ላይ ናት። ዓይን ይበላብኛል። ዝም በልልኝ» አለችኝ።

የታመመ ልጅ ለእንግዳ ዓይን እንደማይወጣ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም ነበር። እናቴም እኔን እንደዚያ ነው ደብቃ ያሳደገችኝ። ሙሴ «ምን አለች?» ሲለኝ «ፈጣሪ ይስጥልኝ ትላለች» አልኩት። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። በሌሎቹም ቤቶች ጓዳ ውስጥ ማን እንዳለ አውቅ ነበር፤ እዚያም ዝም አልኩ። ዘመዶቼን የጠበቅኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የተመለስኩት።

በጅቡቲ በኩል የመጣልን የወባ ኪኒን አንድ ሣጥን ብቻ ነበር። ሙሴ መዝገቡን ዘርግቶ አየ፤ ክረምቱ ሲወጣ ሣጥኑ በሙሉ ለጣቢያው መንደር ታደለ። የታችኛው መንደር አያስፈልገውም ተባለ። ስለ ወንዙ ነፋስ የጻፈውንም ጥናት በባቡር ላከው። ፖስታውን ያሸግኩት እኔ ነኝ።

በጥቅምት የወባው ንዳድ አዋሽ ዳርን መታው። ሎሚ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሌሎችም ተከተሏት፤ አብዛኞቹ ከጓዳ ያልወጡት ናቸው።

ለቅሶ ስሄድ ጫልቱ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ምነው በጮኸችብኝ። እጄን ይዛ «አንተማ ዝም ያልከው ለእኔ ብለህ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ሥራዬን ጠላሁት፤ ራሴንም ጠላሁ።

በማግስቱ ሙሴን ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። «ሙሴ፣ የታችኛው መንደር መዝገብ ውሸት ነው» አልኩት። ቀና አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጓዳውን፣ ሳሉን፣ ፈጣሪ ይስጥልኝ ያልኩትን።

«ስንት ቤት ነው ያወቅኸው?»

«ሁሉንም ቤት አውቅ ነበር፣ ሙሴ።»

ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥቶ በሩን ከፈተ። «ውጣ» አለኝ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ጠራኝና በታችኛው መንደር ገጾች ሁሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር እንዳሰምር አዘዘኝ። እሱ ደግሞ ጥናቱ ስህተት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር።

«ደብዳቤው ከደረሰ የመምህርነቱ ቦታስ?» አልኩት።

«ይቀራል» አለ። ብዕሩን አላነሣም። እውነትም ቀረ፤ ከወራት በኋላ ለሌላ ሰው መሰጠቱን በባቡር በመጣ ደብዳቤ ሰማ።

ከዚያ በኋላ አዴ ዲንቄን ይዤለት መጣሁ። አዴ ዲንቄ የታችኛው መንደር አዋላጅ ነበሩ፤ ከዚያ ሰፈር ልጅ እሳቸው እጅ ላይ ያልወረደ የለም። ሙሴ ወንበር ሰጥቶ የት እንደተሳሳተ ጠየቃቸው።

«ንገረው» አሉኝ፣ «ሰው ቤት ገብቶ ልጅ ላይ አፍጥጦ፣ እትፍ እትፍ ሳይል ሆድ ይጨብጣል? እኔ ብሆን ልጆቼን ጣራ ላይ እደብቅበት ነበር።»

ልጅ ሲያዩ ዓይን እንዳይበላው እትፍ ይባላል። ችግሩ፣ ሙሴ ምራቅ መትፋትን አጥብቆ የሚከለክል ሰው ነው፤ በራችን ላይ «መትፋት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ያጻፈው በእኔ እጅ ነው። ስተረጉምለት ፊቱ ቀላ። አዴ ዲንቄ አዘኑለት። «ምራቁ ይቅርበት፣ ድምፁ ይበቃል» አሉ። እዚያው አስለመዱት። የዩኒቨርሲቲ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ እትፍ እትፍ ሲል፣ የጣቢያው ሹም በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር።

አሠራሩን የቀየሱልን እሳቸው ናቸው። ሙሴ ደጅ ይቀመጣል። አዴ ዲንቄ ጓዳ ይገባሉ፤ ጣፊያ መዳሰስ በአንድ ቀን ተምረው ከእኔ በልጠው ነበር። እናቲቱ ከፈቀደች ሙሴ ይገባል፤ ደፉ ላይ ቆሞ እትፍ እትፍ ይላል፣ መሬት መሬት እያየ ይዳስሳል። «ስንት ልጅ አለሽ?» ማለት ቀረ፤ ልጅ ቁጠሪ ማለት ስለሆነ አይወደድም። «ጓዳ ማን ቀረ?» እንላለን።

በሚቀጥለው ክረምት የታችኛውን መንደር እንደገና መዘገብን። ሙሴ «ትልቅ፣ ትልቅ» ሲል ድምፁ እየደከመ ሄደ። ጫልቱ ሙሴን ራሷ ጓዳ አስገብታ ሁለቱን ልጆቿን አስዳሰሰች፤ የሁለቱም ጣፊያ በዓመቱ አብጦ ነበር። የዚያ ዓመት ኪኒን መጀመሪያ የወረደው አዋሽ ዳር ነው። በጥቅምት ንዳዱ መጣ፤ የጫልቱ ልጆች ታመው ተነሡ።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሙሴ አገሩ ገባ። ጣቢያው ላይ ተሰነባበትን። መዝገቦቹን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ጣሊያን ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እኔ ሸምግዬ በዚያው በአዳማ በጤና ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ሐኪም አለቃዬ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ቤት ይዤው ሄድኩ። ደፉ ላይ ቆመ። እትፍ እትፍ አለ። ከዚያም ለሴትየዋ ዝቅ ብሎ «ጓዳ ማን ቀረ?» አላት።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። «ዶክተር፣ ይህን ከየት አገኙት?»

«እትፍታውን እናቴም ትለው ነበር፤ እንደ ሥራ መሣሪያ የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ ነው። አንድ ስለ አዋሽ ወባ ያጠና ሰው የጻፈው አለ፤ መምህሮቻችን ቤት ለቤት ስንወጣ በእሱ ነበር የሚያሠሩን።»

ማታ መጽሐፉን አምጥቶ መግቢያውን አነበበልኝ። «የመጀመሪያው ቆጠራዬ ስህተት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአገሩን ልማድ አልጠየቅኩም» ይላል። አዴ ዲንቄ በስማቸው ተመስግነዋል። የእኔ ዝምታ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ጥፋቴን ብቻውን ተሸክሞልኝ ኖሯል። አለቀስኩ፤ ወጣቱ ምን እንደነካኝ ግራ ገባው።

ስለ ሎሚ ነገርኩት። በየትኛውም መዝገብ ስሟ ስለሌለ እንዲጽፈው ጠየቅኩት፤ በመጽሐፉ ዳር በእርሳስ ጻፈው።

አሁን ለጀማሪ ረዳቶች የምነግረው አንድ ነገር ነው። መዝገብ ከመዝጋታችሁ በፊት ጓዳ ማን እንደቀረ ጠይቁ። የምታውቁት ካለም ለሐኪሙ ንገሩ፣ ዝም በልልኝ ያላችሁ ዘመድ ቢሆንም።