ቦራ እያኘከ ሲሰማ

ባለፈው ሳምንት ከአጥሬ ማዶ የሚኖረው ወጣት አባት አዲስ ጊታር አንግቦ፣ የስድስት ዓመት ልጁን በእጁ ይዞ ቤቴ መጣ። ሶዶ ውስጥ ጊታር የሚያስተምር ጎረምሳ ሞልቷል፤ እሱ ግን ጡረታ የወጣች አስተማሪ መረጠ። ገና ወንበር ሳይስብ፣ "እትዬ፣ በስንት ወር ትጨርሳለች?" አለኝ። ምኑን ነው የምትጨርሰው ብለው፣ ጊታሩን አለኝ። ለጊፋታ በዓል ስትጫወት ቀርጾ ስልክ ላይ ሊለቅላት አስቧል። ልጅቱ የእኛን ወሬ ከቁብ ሳትቆጥር የጊታሩን ከረጢት ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ደግማ ትከፍታለች። የዚፑ ድምፅ ሳይጥማት አልቀረም።

መልሱን ነገ ማታ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ሳቄ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታር ያስተማርኳት ልጅ የተጫወተችው ለሰው አልነበረማ። ለበሬ ነው የተጫወተችው።

የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለሁ ገሱባ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሶዶ መሃል ነው፤ ከብት የማውቀው መንገድ ሲያቋርጥ ቆሜ ሳሳልፍ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አዲስ ጊታር ሲያገኙ አሮጌውን ለእኔ ለቀውልኝ ነበርና እሱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። የያኔው መንገድ አንጀት ያላውሳል። ገሱባ ስደርስ ከእኔ ይልቅ ጊታሩ ደህና ነበር።

የተከራየሁት ከከተማው ጫፍ፣ በአቶ ባሳና በባለቤታቸው በወይዘሮ ዘነበች ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው ከላይ እስከ ታች እንሰት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ቅጠሉ ላይ ነው፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለቻቸው፣ ርብቃ። ጊታሩን ያየች ቀን ከክፍሌ በር አልነቃነቅ አለች። ላስተምርሽ ስላት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ወግ ደርሶኝ በመዘምራን ልማድ ዶ ሬ ሚ ጀመርኩላት። ሦስት ቀን ታገሰችኝ። በአራተኛው ቀን የቀላ ጣቷን አሳየችኝና ውሃ ልቀዳ ብላ ሄደች። ማሰሮው ግን ሙሉ ነበር።

ሰኔ ላይ አቶ ባሳ ለጊፋታ የሚታረድ በሬ ከገበያ ነድተው መጡ። እኛ ወላይታዎች ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ከብት የምናደልበው እንደ እንግዳ ቤት ውስጥ አስገብተን ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ተባለ፤ ሳሎኑ ማዶ ካለው ካስማ ታሰረ፤ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ ቦዬ የምንለው ሥራሥርም ተቀቅሎ ቀረበለት። በሬው ግን አልበላም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። አቶ ባሳ ነጋዴው እንዳታለላቸው እርግጠኛ ሆነው ቤቱ የለቅሶ ቤት መሰለ።

በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ዝናቡ በክፍሌ ጣሪያ ስላፈሰሰብኝ እነሱ ቤት ጊታሬን ይዤ ገብቼ ነበር። ርብቃ ከካስማው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደምኩላትና እኔ ክሮቹን በግራ እጄ ተጭኜ ኮርዱን ያዝኩ፣ እሷ በአውራ ጣቷ መታች። ዶ የለ፣ ሬ የለ፤ ዝም ብላ መታች። ቦራ ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ። ደግማ መታች። ትንሽ ቆየና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሐረጉን መጎተት ጀመረ። ስታቆም አቆመ፤ ስትመታ አኘከ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት እርቦት ሊሆን ይችላል። ግን ይህን ለአቶ ባሳ ማን ይነግራቸዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታር ለሴት ልጅ ምን ይሠራል የሚሉት ሰውዬ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ "የታለች ልጅቱ? በሬው ጦሙን ሊያድር ነው" ማለት ጀመሩ። ያ ክረምት እንዴት ደስ ይል ነበር! ክረምቱን ተማሪ እንዳጠናክር ታዝዤ ስቀር ተነጫንጬ ነበር፤ በኋላ ግን ቀኑ አልመሽ ይለኝ ጀመር። ርብቃ "ቦራ ብላ፣ ቦራ ብላ" የምትል ዘፈን ከራሷ አወጣች። ቃሉ እሱ ብቻ ነው፤ ዜማው ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቦራ ከአፉ የወደቀውን ቅጠል እስኪያነሳ ጠብቆ ይመለሳል። ስትሳሳት አታፍርም፤ እሱም አይታዘብም። ወይዘሮ ዘነበች ቆጮ ይጋግራሉ፣ ዳታ የምንለው የቃሪያ ማባያ የነካው አይብ ያቀርቡልናል፤ ሦስታችንም እንበላለን፣ ማለት እኔ፣ ርብቃና ቦራ። ነሐሴ ሲያልቅ የበሬው ጀርባ አልጋ አከለ።

እንግዲህ የእኔ ከተሜነት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጳጉሜን ሲገባ አንድ ማታ ርብቃ ግንባሩን እያከከች ስትዘፍንለት አየሁ። በሬው ለጊፋታ ዋዜማ ሊታረድ ነው። ይቺ ልጅ ደሙን አይታ ዳግመኛ ጊታር ትነካለች? ጊታሩን በነካች ቁጥር ቦራ ትዝ ሊላት አይደለም? ደስታዋን እኔው አምጥቼ እኔው ላጠፋው ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለወይዘሮ ዘነበች ብነግራቸው ሳቁብኝ። "የገበሬ ልጅ እኮ ናት፣ ቲቸር። በሬ የት እንደሚሄድ ከጡት ጋር ነው የጠባችው" አሉኝ። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ተምሬያለሁ፣ የልጅ ሥነ ልቦና የሚል ደብተር አለኝ!

ስለዚህ ዋሸኋት። ቦራ ሳር ሊበላ አያትሽ ዘንድ ሊሄድ ነው አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የጊታሩ ቀጭን ክር ተበጥሶ ስለነበር ይህንኑ ሰበብ አድርጌ፣ ከእርዱ በፊት ባለው ዓርብ ክር እንግዛ ብዬ ወደ ሶዶ ወሰድኳት። እናቷ ትከሻቸውን ሰብቀው ፈቀዱ። መኪናው ላይ ስንወጣ "ነገ ማታ እንደርሳለን?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያለሃፍረት እንደርሳለን አልኳት። ሶዶ ገበያው በሰውና በቅቤ ሽታ ተጨናንቋል። ክሩን ገዛን፣ እናቴ ቤት አደርን፣ ዳቦ በሻይ አበላኋት። እሷ ግን በሩን በሩን ታያለች።

ቅዳሜ በጣም መሽቶ ገሱባ ስንደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ሥጋው ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቆዳው ግቢ ተወጥሯል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይስቃል። ርብቃ ቀጥ ብላ ወደ ካስማው ሄደች። ገመዱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ብላ ወደ እኔ አየች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አላለቀሰችም። ከአባቷ እግር ሥር ተቀምጣ ጥሬ ሥጋዋን በዳታ እያጠቀሰች በደንብ በላች። እኔን ግን አላናገረችኝም።

ጊፋታ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። ልጆቹ ሁሉ ይጨፍራሉ፣ እሷም ትጨፍራለች፤ በክፍሌ በር በኩል ግን አታልፍም። አዲስ ክር ያሰርኩለት ጊታር ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ይኸው የፈራሁት ደረሰ፣ ደሙን ባታይም መታረዱ ጎዳት እያልኩ ስብሰለሰል ወይዘሮ ዘነበች አንድ ጠዋት እንሰት እየፋቁ ጠሩኝ። ፊታቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ ነገሩኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ልጅቱ ጊታሬን እያወጣች፣ ያለ እኔ እጅ፣ በአንድ ጣት ወፍራሙን ክር እየተጫነች ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ለብቻዋ አጥንታለች። ለዋዜማው ማታ ነበር። ቢላው ከመውጣቱ በፊት፣ ማንም ኮርድ ሳይዝላት ልትሰናበተው። እኔን ልታስደንቀኝ ስለፈለገች እንዳይነግሩኝ እናቷን አስምላቸዋለች። ወደ ሶዶ ልውሰዳት ስልም ሊከለክሉኝ አስበው ነበር፤ ግን ቲቸር ካለች ምን ይደረጋል ብለው ተዉት።

ኩምሽሽ አልኩ። በዚያ ዘመን አስተማሪ ተማሪን ይገርፋል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል ውዬ፣ ወደ ማታ ገብቼ ባዶው ካስማ አጠገብ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። ርብቃ ማዶ ሆና ባቄላ ትፈለፍላለች።

"ርብቃ፣ ዋሽቼሻለሁ። አያትሽ ዘንድ አልሄደም። ይቅር በይኝ" አልኳት።

የያዘችውን ባቄላ ፈልፍላ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ሳትል በወላይትኛ እንዲህ አለችኝ፤ "መታረዱን አውቅ ነበር እኮ። ስለሚታረድ ነው ማታ ማታ የምመታለት። ሌላ ምን ደስታ አለው? አንቺ ግን ሳልሰናበተው ወሰድሽኝ።"

አለቀስኩ። አዎ፣ ቲቸሯ አለቀስኩ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት። እሷም ማልቀሴን ስታይ ግራ ገባት መሰለኝ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወጥታ ጊታሩን አመጣች። ጊታሩ ከእሷ ይበልጣል። ጭኗ ላይ አጋደመችው። እኔ በልማድ ኮርድ ልይዝ እጄን ስዘረጋ በክንዷ ገፋችኝ። ወደ ካስማው ዞራ "ቦራ ብላ"ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታች። አዲሱ ክር ገና አልጸናም ነበርና ሲነካ ያንቋርራል፤ ሁለት ቦታ ስታ ተመለሰች። ወይዘሮ ዘነበች ቢላቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ። ስትጨርስ ገመዱን በእግሯ ገፋ አደረገችና እርቦኛል አለች። በላን።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማታል! ለጥጃዋ መታች፣ ለዶሮዋ መታች፣ ሊጠይቅ ለመጣ ሽማግሌ መታች፣ በዓመቱም ለሚቀጥለው በሬ መታች። እኔ ወደ ሶዶ ስዛወር ጊታሩን ለእሷ ተውኩት። ሙዚቀኛ አልሆነችም፤ ዛሬ ዱቦ በኩል ነርስ ናት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ እንደሚነግረኝ ቤታቸው ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚወጣው ክኒን ሳይሆን ጊታር ነው። ኮርድ የምታውቀው አራት ነው።

በማግስቱ ማታ ጎረቤቴ ከነልጁ ተመልሶ መጣ። "እትዬ፣ በስንት ወር?" አለኝ ደግሞ። ዛሬ ማታ አልኩት። ስልኩን ተቀብዬ መሶቡ ላይ አኖርኩና አንድ ሰሃን ቆሎ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ያንተ ሥራ ተቀምጠህ መቆርጠም ብቻ ነው አልኩት። የምቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ግን ትልቅ ሰው ያዘዘውን እምቢ አይል፣ መቆርጠም ጀመረ። ጊታሩን የልጅቱ ጭን ላይ አጋደምኩ፣ ኮርዱን ያዝኩላት፣ እሷ በአውራ ጣቷ መታች። አባቷ ያኘካል። ደግማ መታች፣ ደግማ፤ ዓይኗን ከጉንጩ ላይ አልነቀለችም።

ትንሽ ቆየና ሳያስበው ሰሃኑን አስቀምጦ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ። ልጅቱ መምታቷን አቆመች። ምን እንደምትል እኔ አላስጠናኋትም።

"አባ፣ ብላ እንጂ" አለችው።