ከምጽዋ የመጣ ውሃ

የያዙኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው። ጠመኔውን እንኳ ከእጄ አላስቀመጥኩም ነበር። መካነ ሰላም ዳር ወደሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። በድርቁ ጊዜ ባዶውን የቀረ ነው፤ አቧራና ነቀዝ ይሸታል። በሩ ሲዘጋብኝ በዓይኔ መስኮት ፈለግኩ። ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች።

ቤቴን ሲፈትሹ ሦስት ብልቃጥ የባሕር ውሃ አግኝተዋል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከመምህሬ ጋር በቀይ ባሕር ዳርቻ እየዞርን ባክቴሪያ እናጠና ነበር፤ ብልቃጦቹን ባሕር አይተው ለማያውቁ ተማሪዎቼ ላሳይ ነው ያመጣኋቸው። በላያቸው የተቀዱበት ቦታ ተጽፏል፤ ምጽዋ፣ ዳህላክ፣ አሰብ። ሰሜኑ በጦርነት በሚታመስበት በዚያ ወራት እነዚህ ስሞች ብቻቸውን ሰው ያሳስሩ ነበር።

ለምርመራ ቢሮው ያስጠራኝ ካድሬ ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ሁሉም ውሃ ነው። ለምን ሦስት አስፈለገህ?»

«ውስጡ የሚኖረው ይለያያል» አልኩት። «በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። ወደቡ ላይ ያሉት ከደሴቶቹ አጠገብ ካሉት ጋር አንድ አይደሉም። ፀሐይ የሚያገኘው ውሃና ብርሃን የማይደርስበት ጥልቁም እንደዚሁ።»

«ማን የት እንዳለ ታውቃለህ ማለት ነው።»

ስለ ባክቴሪያ ይሁን ስለ ሰው የጠየቀኝ አልገባኝም።

አንዱን ብልቃጥ ከፍቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። የሚቆጠቁጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። «መርዝ ካልሆነ ጠጣው» አለኝ።

መጠጣት አልችልም። ናሙናው እንዳይበላሽ ፎርማሊን ጨምረንበታል፤ ባክቴሪያዎቹን የገደለው ነገር ሰውም ይገድላል። ይህንኑ ነገርኩት። ፈገግ አለ። ወደ መጋዘኑ ስመለስ ጠባቂው ቀድሞኝ ገብቶ «ይህ ሰው በሽታ ሊዘራብን ነበር፤ ያመጣውን ራሱ መጠጣት ፈራ» ብሎ አብረውኝ ለታሰሩት ተናገረ።

አብዛኞቹ የወግዲና የከላላ ገበሬዎች ናቸው። ረሃቡን አልፈው፣ ተከትሎ በመጣው ተቅማጥ ቤታቸው የተራቆተባቸው። ማንም አልሰደበኝም። የውሃውን እንስራ ብቻ አንስተው ወደ ማዶው ግድግዳ ወሰዱት።

መቀመጥ አቃተኝ። ከበር እስከ ግድግዳ እመላለሳለሁ፤ እቆማለሁ፤ ቁንጫው ይበላኛል፤ እንደገና እመላለሳለሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ ልጠይቅ እልና አፌ አይታዘዘኝም።

ቀትር ላይ አንድ የከላላ ሽማግሌ «አንተ መምህር፣ ራሳችንን አዞርከው እኮ፤ ቁጭ በል» አሉኝ። ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«በዚያ ዓመት ሁለት ልጆች ቀብሬያለሁ» አሉ። «በተቅማጥ ነው። የገደላቸው ይኸ የባሕሩ ነገር ነው?»

አይደለም ማለት ቀላል ነበር።

«አባቴ፣ የባሕሩ ፍጥረታት ዓይነታቸው ብዙ ነው። አብዛኞቹ ሰው አይነኩም፤ እነሱ ባይኖሩ ዓሣም አይኖርም። ጥቂቶቹ ግን የዚያ በሽታ ዘመዶች ናቸው። እኔ ያመጣኋቸው ሞተዋል፤ መርዝ የሆነው መግደያቸው ነው። አልዋሽዎትም።»

«ለካድሬውም እንዲህ አልከው?»

«አዎን።»

«ለሰው ያመጣሁት መርዝ ነው በል ቢልህስ?»

«አልልም።»

ተነሡ። ከእንስራው በጣሳ ቀድተው አመጡልኝ። «ጠጣ፤ አብሽር።» ግማሹን ጠጣሁ። ጣሳውን ከእጄ ተቀበሉና ሁሉም እያያቸው ቢስሚላህ ብለው የተረፈውን ጨለጡት። አፋቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «በል ንገረን፤ የባሕር ውሃ እውነት ጨው ነው?» አሉ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ጠጋ አሉ። እስኪመሽ ስለ ባሕር አወራኋቸው።

በማግስቱ ካድሬው በገበያ ቀን ሕዝብ ፊት ቆሜ መርዝ ነው ብል እንደሚለቀኝ ነገረኝ። «የባሕር ውሃ ነው» አልኩት። ወደ ደሴ ወህኒ ቤት አዛወሩኝ፤ ዓመታት ቆየሁ።

ስፈታ ከላላ ሄጄ ስለ ሽማግሌው ጠየቅኩ። በኋለኛው ረሃብ ለሰፈራ ከተወሰዱት ጋር ሄደዋል አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሁን በዕድሜ እሳቸውን ሳልደርስባቸው አልቀርም። ያን ቀን አምነውኝ ይሁን አልጠየቅኳቸውም። ሳያምኑኝ፣ በሽታው ይይዘኛል እያሉ ጠጥተው ከሆነስ? እስከ ዛሬ የማያስቀምጠኝ ይኸ ነው።